«ሽማግሌውን ግደይው» ያልኩ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ስመለስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ ስልኬ ሲጠራ መጀመሪያ ግራና ቀኜን፣ ቀጥዬ የኋላውን ወንበር እቃኛለሁ፤ ከዚያም አፌን በእጄ ከልዬ «በኋላ እደውላለሁ» እላለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ታሞ ነው እንጂ ታርሞ አይደለም ይሉኛል። እኔ ሳንሾካሽክ ባሮ ማዶ ያለ ሰው «አቤት!» ይላል እያሉ የሚያሙኝ ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ስሙ ይቅርና በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰርቨር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ሠራዊት የማዝ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ ሌላ ያለችው ኛቾል ብቻ ናት። ኛቾል የጋምቤላ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች፣ ነገር የማታሳልፍ፣ በእኔ ቀልድ ከመሳቋ በፊት ስህተቱን የምታርም ኢንጂነር።

የሰርቨር ክፍላችን በከተማው ውስጥ ብርድ የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ነው። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ይሠራል። ውጭ ዶሮ እንቁላሏን ቀቅላ የምትጥልበት ሙቀት ሲሆን ሠራተኛው ሁሉ ድንገት ስለ ኮምፒውተር ማወቅ ያምረዋል። ለስብሰባ ሹራብ ይዞ የሚመጣም አለ።

እዚያ ከምናስተናግዳቸው ፕሮግራሞች አንዱ የባሮን ውሃ የሚከታተል ነው። ድልድዩ አጠገብ ያሉ ታዛቢዎች የውሃውን ከፍታ ያስገባሉ። በታች በኩል፣ ኢታንግ አካባቢ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ደግሞ ገጹን በስልኩ ከፍቶ ያያል። አረንጓዴ ከሆነ አርፎ ይተኛል። ቀይ ከሆነ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል። ቀይ በገባ ቁጥር ፕሮግራሙ ራሱ ለየቀበሌው አጭር መልእክት ይልካል።

ይህን ገጽ ለሕዝብ የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨር የሚባል ሶፍትዌር ነው። የእኛው አሮጌ ነው። የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ፀጉሬ ከራሴ ጋር ገና ሳይጣላ። ኛቾል ከመጣች ጀምሮ ግን በአዲስ ዓይነት ካልቀየርነው ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ክርክሩ ሲረዝም ለሁለቱም ስም አወጣሁላቸው፤ አሮጌው «ሽማግሌው»፣ አዲሱ «ጎረምሳው» ተባሉ።

ልዩነታቸውን ለአለቃችን ያስረዳሁት በባሮ ዳር ዓሣ ቤት መስዬ ነው። ሽማግሌው የድሮ ዓሣ ቤት ነው። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ አንድ አንድ አስተናጋጅ ይመድባል። አስተናጋጁ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ወጥ ቤት ገብቶ ራሱ ይጠብሳል፣ ያመጣል፣ እንግዳው የመጨረሻዋን አጥንት መጦ እስኪነሳ ድረስም አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ክብር ማለት ይህ ነው! ችግሩ የእኛ አገር ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው፤ እንግዳው ዓሣውን በቀን አንድ አጥንት ነው የሚበላው። አስተናጋጆቹ ሁሉ በየጠረጴዛው ተገትረው ሲያልቁ፣ ቀጥሎ የመጣው ሰው ደጅ ይቀራል።

ጎረምሳው ግን ማንም ጋ አይገተርም። የዚህን ትእዛዝ ይቀበላል፣ ለዚያ ሳህን ያቀብላል፣ የሌላውን ሂሳብ ይዘጋል። እንግዳው አጥንቱን ይዞ ዓመት ቢቀመጥ ጉዳዩ አይደለም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ አለቃችን።

«ጎረምሳው መጥበስ አይችልማ!» አልኩ።

እውነቴን ነው። ሽማግሌው ፕሮግራሙን በሆዱ ይዞ ራሱ ያበስላል። ጎረምሳው ከኋላው ሌላ ወጥ ሠሪ ካልተቀጠረለት ባዶ ሳህን ይዞ ነው የሚሯሯጠው። ደግሞ ሽማግሌው እያንዳንዱ ፕሮግራም በየጓዳው የተወለትን መመሪያ በየጊዜው እያነበበ ሁሉንም እንደ ጠባዩ ያስተናግዳል። ጎረምሳው ጠዋት ሲነሳ የሰማውን ሰምቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እናቱም ብትጣራ አይሰማም።

«ወጥ ሠሪውን አዘጋጅቻለሁ» አለች ኛቾል። «መመሪያውም አንዴ በደንብ ከተነገረ በየደቂቃው ማንበብ ምን ያደርጋል? ጋሼ፣ አንተ የምትወደው ሶፍትዌሩን አይደለም፤ ፀጉርህን ነው።»

አለቃችን እስኪያነባ ሳቀ። ውሳኔ ግን አልሰጠም፤ «ተስማሙ» ብሎን ሄደ። እኛ ደግሞ አልተስማማንም።

ኛቾል ጎረምሳውን ከነወጥ ሠሪው እዚያው ማሽን ላይ ጭና አሰናዳችው። ሥራ የሚጀምረው ግን ሽማግሌው ሲወርድ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ የሚያንኳኳው አንድ በር ነው፤ በሩን የያዘው ካልለቀቀ ሌላው እዚያ ሊቆም አይችልም። እኔ ዘወር ስል ይህቺ ልጅ ሽማግሌዬን ታወርደዋለች ብዬ ፈራሁና ዋናውን የይለፍ ቃል ቀየርኩት።

«ጋሼ፣ ፓስወርዱን ስጠኝ» ትላለች።

«አልነግርህም» እላለሁ።

«እኔ ሴት ነኝ። ‹አልነግርሽም› ነው የሚባለው። አማርኛ የአፍ መፍቻህ ሆኖ እኔ ላስተምርህ?»

«አልነግርህም።»

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል ከረምን። ከጎንደር የመጣ ሰው ወንድና ሴት አይለይም እያለች ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አወራችልኝ።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። የሙያውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ካልተረጎምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። አንድን ፕሮግራም በግድ ማስቆም በእኛ ሙያ «መግደል» ነው። አንድ ፕሮግራም የሚያስነሳቸው አስተናጋጆች ደግሞ «ልጆቹ» ይባላሉ። ሌላው ሰው እነዚህን በእንግሊዝኛ ይላቸዋል፤ እኔ በአማርኛ፣ ያውም እየጮህኩ።

ያን ዕለት አቦቦ ያለ አንድ ቢሮ ኮምፒውተሮች ሳገናኝ ቆይቼ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንድ ረጅም አዛውንት ተቀምጠዋል። ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘዋል፤ አንዷ ጭናቸው ላይ፣ ሌላው በእኔና በእሳቸው መካከል፣ በአብዛኛው ግን እኔ ላይ። «ማሌ» አልኳቸው፣ በኑዌር ቋንቋ ሰላም ለማለት ነው። «ማሌ» አሉኝና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ስልኩን አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው ያነሳሉ። ኔትወርክ ፍለጋ መሆኑ ገባኝ።

በስተምሥራቅ በኩል፣ ባሮ ከሚመጣበት ከደጋው ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሮ እንደ ድስት ቂጥ ሆኗል። ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ባሮ እየሞላ ነው» አለች ኛቾል። ሰላምታ የለም፣ ቀልድ የለም። «ታዛቢዎቹ ቀይ ብለው ሊያስገቡ ቢሞክሩ ገጹ አልከፈት አላቸው። ሰው ሁሉ ሰማዩን አይቶ ባንዴ ገብቷል። ሽማግሌው ታፍኗል። ኢታንግ በኩል ያለው ሰው አሁንም ጠዋት ያየውን አረንጓዴ ይዞ ነው የተቀመጠው።»

«በስልክ ንገሪያቸዋ!»

«የተገኘልኝን ሁሉ ነግሬያለሁ። ግማሹ አያነሳም። ያነሳውም ‹መልእክቱ ሳይመጣ?› ይለኛል። እነሱ የሚያምኑት ገጹን ነው። ሳይጨልም ካልደረሳቸው በጨለማ ከብት ይዘው አይወጡም።»

«እንደገና አስነሺው።»

«ያለ ዋናው ፓስወርድ የሚቻለውን ሁሉ ሞከርኩ። አይወርድም። ልጆቹ በሩን ይዘው ቆመዋል።»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እኔም በተፈጥሮዬ ጯሂ ነኝ። ቀጥሎ የተናገርኩትን ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተኛውም ሰው ሰምቷል።

«ሽማግሌውን ግደይው!»

«ፈቀድክ ማለት ነው?»

«ግደይው አልኩሽ! ጊዜው አልፎበታል!»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹንም! አንድ በአንድ አትድከሚ፣ ሁሉንም ባንዴ ጨርሻቸው! አንዱ እንኳ ከተረፈ በሩን አይለቅም! ከዚያ ጎረምሳው በር ላይ ይቁም!»

«እሺ፣ ፓስወርዱን ግን...» አለችና ኔትወርኩ ጭልጥ አለ።

መልሼ ብደውል እምቢ አለ። ደገምኩ። እምቢ። በመጨረሻ ቀና ስል መኪናው ውስጥ የነበረው ሙዚቃ ጠፍቷል። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት እጇን ዘርግታ እኔ ላይ ተደግፎ የነበረውን ልጅ ቀስ አድርጋ በብብቱ አነሳችና ወደ ራሷ ወሰደችው። እኔ ሞኙ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት፤ ያሰበችልኝ መስሎኝ። እሷ ልጁን ይበልጥ አቀፈችው።

አዛውንቱ ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ስልካቸውን እያዩ ነበር።

ጋምቤላ መግቢያ ያለው ኬላ ስንደርስ ሾፌሩ ገና ሳይባል ቆመ፣ ዘሎ ወረደና ከፖሊሱ ጋር ጥግ ይዞ አወራ። ፖሊሱ በቀስታ መጥቶ በሩን ከፈተው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ሳጅን ኡመድ እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅኩት።

«ውረድ፣ ወንድሜ» አለኝ። «ስልክህን ስጠኝ።»

ወረድኩ። ሰጠሁት። አንድ ሌላ ፖሊስ መሣሪያውን እንዳንገተ ከኋላዬ ቆመ።

«ማንን ነው የምታስገድለው?»

እኔ ስፈራ እስቃለሁ። ለኬላ ከዚህ የከፋ ጠባይ አይገኝም። ሳቄን ለመዋጥ ስታገል ከአፍንጫዬ ወጣ።

«ሰርቨር ነው፣ ሳጅን» አልኩ።

«ሰርቨር አውቃለሁ። እኔም ተምሬያለሁ። ሰርቨር ልጆች የሉትም።»

«ይሄኛው አሉት።»

«ስንት?»

እዚህ ላይ «ጥቂት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እኔ ነኝ። «ዛሬ እንኳ ከመቶ አያንሱም» አልኩ።

ሳጅኑ ባልደረባውን አየው። ባልደረባው መሣሪያውን ከትከሻው ወደ እጁ አወረደ።

ሳቄ እዚያው ሞተ። ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ ይህች ከተማ ስንት የስጋት ቀን እንዳሳለፈች አውቃለሁ። ሳጅኑ ሥራውን ነው የሚሠራው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደኔ ያለውን ሰው አላሳልፍም። ያስጨነቀኝ ግን መታሰሩ አልነበረም። ከደጋው በኩል የመጣው ጥቁር ሰማይ አናታችን ላይ ደርሷል፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የኬላውን ቆርቆሮ መምታት ጀምረዋል፣ ኛቾል ደግሞ እኔ ብቻ የማውቀውን ቃል ትጠብቃለች።

«ሳጅን፣ ሌላው ይቅር። አንድ ጊዜ ብቻ ልደውል። ባሮ እየሞላ ነው፤ ኢታንግ በኩል ያለው ሰው አላወቀም።»

«ቅድም ሽማግሌ አልክ። አሁን ባሮ አልክ።»

በዚህ ጊዜ ስልኬ በእጁ ላይ እንዳለ ጮኸ። ስሟን አነበበው። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተና አነሳው። ገና «ሃሎ» ሳይል የኛቾል ድምፅ ኬላውን ሞላው።

«ጋሼ! ሽማግሌው አልሞት አለኝ! ልጆቹ እየበዙ ነው! ፍጠን እንጂ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ መሬትን አመሰግናት ነበር።

«አንቺ ማነሽ?» አለ ሳጅኑ።

«እርስዎ ማነዎት?» አለች።

«ፖሊስ።»

«ጋሼን ምን አደረጋችሁት?»

«ገና ምንም።»

ይቺ «ገና» የምትባለው ቃል እንዴት እንደምትከብድ ያን ቀን አወቅኩ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አዛውንቱ ከሚኒባሱ ወርደው፣ ትንሿን ልጅ በእጃቸው ይዘው እየመጡ ነው። ረዳቱ «አባባ፣ ይቅርብዎት!» እያለ ከበስተኋላቸው ይለምናል። እሳቸው መጥተው ከእኔ አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ቱት ይባላሉ። አማርኛቸው የተቆጠበ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል አስበው ነው የሚያወጡት።

«ሳጅን፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ?» አሉ።

«ይመስላል፣ አባቴ።»

«ይህ ሰው እኔን አያውቅም። እኔ ገዳይ አይቻለሁ። ገዳይ ዝም ይላል። ይህ ሰው ከአቦቦ ጀምሮ ዝም አላለም።»

በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

ስልኩ አሁንም ክፍት ነበር። ኛቾል ድምፃቸውን ሰምታ በኑዌርኛ ሰላም አለቻቸው። መለሱላት። ከዚያ እሷ በፍጥነት፣ እሳቸው በዝግታ ተነጋገሩ። እኔ ከዚያ ሁሉ የለየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ኢታንግ» የሚለውንና «ፒው» የሚለውን። ፒው ውሃ ነው። የአዛውንቱ ፊት ቀስ በቀስ ሲጠብቅ አየሁት።

«ምን አለች?» አለ ሳጅኑ።

«ውሃ ይመጣል አለች። ሽማግሌው ሰው አይደለም፤ ማሽን ውስጥ ያለ ነገር ነው። በሩን ዘግቷል።»

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወደ እኔ አዞሩት። የእኛ ገጽ ነው። ነጭ፣ ባዶ፣ መሀሉ ላይ የምትዞር አንዲት ክብ ብቻ።

«ከአቦቦ ጀምሮ ይዞራል» አሉኝ። «ይህን የሚያዞረው የአንተ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ። የእኔ ነው።»

«ባለቤቴ ኢታንግ፣ ወንዝ ዳር ናት። ከብት እዚያ ነው። እኔ እነዚህን ልጆች አሁን ወደዚያ ነው የምወስድ።»

ከታፈኑት የሽማግሌው ልጆች አንዱ እሳቸው እጅ ላይ ነበር። እዚያ ማሽን ውስጥ አንድ አስተናጋጅ ለእኚህ ሰው ተመድቦ፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ አጠገባቸው ተገትሮ ቀርቷል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጨርሺው እያልኩ የጮህኩት እሱን ነው። ክብር ነው ስል የነበረው አገልግሎት እኚህን ሰው በክብር ደጅ አስቀርቷቸዋል።

ሳጅን ኡመድ የምትዞረዋን ክብ ጎንበስ ብሎ አያት። ትንሿንም ልጅ አያት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጠነከረ።

«የቀረው ምንድን ነው?» አለኝ።

«የይለፍ ቃል።»

«እዚህ ይለፍ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«የኮምፒውተሩን ነው፣ ሳጅን። እሱን ካልነገርኳት ምንም ማድረግ አትችልም።»

«ንገራታ! እኔም ልስማ፤ ጮክ በል።»

ትንፋሼን ሳብኩ።

«አልነግርህም» አልኩ።

ባልደረባው አንድ እርምጃ ቀረበኝ።

«ምን አልክ?» አለ ሳጅኑ፣ በጣም በቀስታ።

«አልነግርህም።»

«እኔን ነው?»

«አይደለም! በእግዚአብሔር! ለእርስዎ ቢሆን ‹አልነግርዎትም› እል ነበር! ቃሉ ነው! የይለፍ ቃሉ ራሱ ‹አልነግርህም› ነው!»

ከስልኩ ውስጥ እንደ ማልቀስም እንደ መሳቅም ያለ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ» አለች ኛቾል። «ሳምንት ሙሉ ስትነግረኝ ነበር?»

«ሳምንት ሙሉ። በላቲን ፊደል፣ ሳይለያይ ጻፊው። ፍጠኚ!»

«እኔ እኮ አማርኛህን ነበር የማርመው!»

«ኋላ ታርሚኛለሽ! ጻፊው!»

የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ያቺን ትንሽ ስልክ ከበን ቆምን፤ ሁለት ፖሊስ፣ አንድ ተጠርጣሪ፣ አንድ ሊሞቱ ነው የተባሉ አዛውንትና አንዲት ልጅ። ሾፌሩም መጥቶ አንገቱን አስረዘመ።

«ገባሁ» አለች። ከዚያ «ሽማግሌው ወርዷል።» ከዚያ «ልጆቹም አለቁ።»

ሾፌሩ አማተበ።

«ጎረምሳው?» አልኩ።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎረምሳው ጸለይኩ። ስሰድበው የኖርኩትን ሁሉ አንስቼ እባክህ ቁም አልኩት። ቢወድቅ ከኋላው ማንም የለም፤ አውርደን ጨርሰናል።

«በር ላይ ቆሟል» አለች። «ታዛቢዎቹ እየገቡ ነው... አስገቡ። ቀይ ነው ጋሼ። መልእክቱ ወጣ።»

«እንደገና ክፈቱት፣ አባቴ» አልኳቸው።

ጣታቸውን አሳረፉ። ክቧ ሳትዞር ገጹ ዱብ አለ። ቀይ፣ ከላይ እስከ ታች። ቱት አንዴ ብቻ አዩት። ወዲያው ደወሉ፣ እኛን ትተው ዞር ብለው ወደ ዝናቡ ገቡና አወሩ። ድምፃቸው ከእኔ ድምፅ በላይ ሲወጣ ሰማሁ፤ ያን ማድረግ የቻለ ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም።

ሲመለሱ ትንሿን ልጅ አነሷት። «ልጆቹ እዚሁ ከተማ፣ ኒውላንድ ዘመድ ቤት ይቀራሉ» አሉ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ወደዚያ? አሁን? ይቅርብዎት!»

«ከብቱ በጨለማ የሚከተለው የእኔን ድምፅ ነው» አሉኝ። የሚያከራክር አልነበረም። ሳጅኑ ስልኬን መለሰልኝ፤ ከቱት ጋር ቁጥር ተለዋወጥን።

ሳጅን ኡመድ የኬላውን ገመድ ራሱ አወረደልን። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ይለፍ!» አለኝ። ቀጥሎም «ሁለተኛ በመኪና ውስጥ ሰው እንዳትገድል።»

ቢሮ ስደርስ ኛቾል ከማሽኑ አልተነሳችም ነበር። ጎረምሳው ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይንገዳገድ ሲያስተናግድ አብረን አየነው። አንድም ነገር አላልኳትም። እሷም ምንም አላለችም፤ ለእሷ ይህ ከጾም ይቆጠራል። እኔ ግን የማስበው ወደ ኢታንግ የሚሄደውን መንገድና በላዩ ላይ ያሉትን ሰው ነበር። በየጊዜው ልደውልላቸው እሞክራለሁ፤ አይገኙም። በማግስቱ ጠዋትም አልተገኙም። ቁርስ ቀረበልኝና እያየሁት በረደ። በጋምቤላ ምግብ እስኪበርድ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ረፋድ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ማሌ» አለ ድምፁ። «እኔ ነኝ። ሽማግሌው።»

«አባቴ! አሉ?»

«አለሁ። ውሃው ቤት ገባ። ሰው አላገኘም።»

ጎረቤት ሁሉ መልእክቱ እንደደረሰው ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ያለበት ከፍታ ላይ ነበር ያደረው። ከብቱም ዳነ። አንዲት ፍየል ብቻ እምቢ ብላ ቀርታ ጣሪያ ላይ ተገኘች አሉኝ። እንዴት እንደወጣች እሳቸውም አያውቁም። ይህን እንኳ እኔ አልጨመርኩበትም።

አሁን ነገሩን ሳስበው ሁለት ስሜት ነው ያለኝ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ያ «ገና ምንም» ያለ ድምፅ አንዳንዴ ይመጣብኛል። ሁለተኛው ለመናገር የሚያፍሩበት ዓይነት ደስታ ነው። ሽማግሌውንም አልጣልነውም። ጎረምሳው በር ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌው ከጓዳ ሆኖ እሱን ብቻ የለመዱትን የድሮ ፕሮግራሞች ያበስላል። ሰው ፊት ለፊት አይገተርም፣ ግን ሥራ አልፈታም። ኛቾል ይህን «ጡረታ» ትለዋለች፣ እኔ «ሹመት» እለዋለሁ፤ በዚህም እንከራከራለን። የይለፍ ቃሉ ኬላ ሙሉ ሰው ስለሰማው ተቀይሯል። አዲሱን ኛቾል ናት ያወጣችው፤ ስጠይቃት «ጾታውን አስተካክለህ ጠይቅ» ትለኛለች።

ከደጋው በኩል ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ግን ስልኬ ይጠራል። መኪና ውስጥ ብሆንም ይህን አንዱን አነሳለሁ።

«ሽማግሌው አለ?» ይሉኛል ቱት።

«አለ፣ አባቴ።»

«እኔም አለሁ» ይሉና ይዘጉታል።